የልጆችን አጻጻፍና የቃላት ሀብት በጨዋታ ማሳደግ፤ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ የአሠራር መመሪያ

ፊደል የቆጠሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት ፊደሉን ባለማወቅ ሳይሆን፣ በገበታው ላይ በተርታ ሲያዩት የሚያውቁትን ፊደል በቃል መካከል ብቻውን ሲያገኙት መለየት ስለሚያቅታቸው ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በዜማ የሚወርድ ልጅ «ጊዜ» የሚለውን ቃል ሲያይ ከ«ገ» ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ «ጊ» ላይ ይደርሳል፤ ከ«ዘ» ተነሥቶ ደግሞ «ዜ»ን ይፈልጋል። የቀደሙት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ተማሪው ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ያስቆጥሩት ነበር። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የፊደሉ ዘርም ድምፁም በአንድ ጊዜ ስለሚለዋወጥ በዜማው ብቻ ተማምኖ መገስገስ አይቻልም፤ ዐይን እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ማየት ይገደዳል። በዚህ መመሪያ የቀረቡት ጨዋታዎች በሙሉ ዓላማቸው ይኸው ነው፦ ልጁ ፊደሉን ለይቶ እንዲያይ፣ ድምፁን ለይቶ እንዲሰማ፣ ቃሉንም በራሱ ዐረፍተ ነገር እንዲጠቀምበት ማድረግ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ልጆች የተዘጋጁ የቃላት ጨዋታዎች እንዳሉ ወደ አማርኛ ሲገለበጡ አይሠሩም። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ሲሆን፣ የእኛ 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ሏ» እና «ቋ» ያሉት ዲቃላዎች ሲታከሉ ከዚህም ይበልጣሉ። ስለዚህ «አንድ ፊደል ገምት» ብሎ ልጅን ማጫወት በጨለማ ውስጥ መርፌ እንዲፈልግ ከማዘዝ አይለይም። ጨዋታዎቹ ለፊደላችን ጠባይ እንዲስማሙ ተደርገው መሠራት አለባቸው፤ እንዴት እንደሚሠሩም ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል። መመሪያው ፊደል ቆጥረው ለጨረሱ፣ በግምት ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ የሳምንቱን ቃላት መምረጥ

በሳምንት ከስምንት እስከ አሥር ቃላት ይበቃሉ። ከዚያ ከበለጠ ልጁ ቃላቱን ያያቸዋል እንጂ አይይዛቸውም። ቃላቱ በዘፈቀደ ከመጽሐፍ የተለቀሙ ሳይሆኑ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ሥራ የመጡ ቢሆኑ ይመረጣል። ለመነሻ ያህል ወጥ ቤቱን ይውሰዱ፦ ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ጭልፋ፣ ማሰሮ፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ረከቦት። ከእነዚህ ውስጥ ልጁ ግማሾቹን ያውቃቸዋል፤ ግማሾቹን ግን ዕቃውን በየቀኑ እያየ ስሙን ሳያውቅ ኖሯል። ሲኒ የሚደረደርበትን ዕቃ «ያ የሲኒ ማስቀመጫው» እያለ የሚጠራ ልጅ ብዙ ነው። ዕቃው ቤት ውስጥ ካለ ልጁ ይያዘው፣ ያገላብጠው፣ ምን እንደሚሠራበት ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይታየው። እንደ «ትዕግሥት» ወይም «ቁጠባ» ያሉት በእጅ የማይዳሰሱ ቃላት ሲመረጡ ደግሞ ከልጁ ሕይወት በተወሰደ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግቡ።

ከሀገር ውጭ ለሚያድጉ ልጆች አመራረጡ ይለያል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚያድግ ልጅ በጆሮው በየቀኑ የሚሰማቸውን፣ በጽሑፍ ግን አይቷቸው የማያውቃቸውን ቃላት በማስቀደም መጀመር ይገባል፦ «ምሳ»፣ «ውሃ»፣ «ልብስ»፣ «እንሂድ»። የሚያውቁትን ድምፅ በፊደል ማየት የሚያስደስታቸውን ያህል፣ የማያውቁትን ቃል በማያነቡት ፊደል ማየት ያስመርራቸዋል። አያት ሀገር ቤት ካሉ በስልክ የሳምንቱን ቃላት እንዲመርጡ ቢጠየቁ ደግሞ ወላጅ ራሱ የዘነጋቸው ቃላት ይመጣሉ።

ደረጃ 2፦ የፊደል ካርዶችን ማዘጋጀት

ባዶ ካርቶን፣ መቀስ እና ወፍራም እስክሪብቶ ይበቃሉ። ካርቶኑን ጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ይቁረጡ። ቆርኪ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ ከካርቶን ይሻላል፤ በውስጡ ክብ ወረቀት ተለጥፎ ፊደሉ ሲጻፍበት ዓመት ሙሉ ያገለግላል። ከእያንዳንዱ ፊደል በታች መስመር ማስመር አይዘንጋ፤ ያለ መስመር «ሀ» ተገልብጦ «ለ»ን፣ «ሠ»ም ተገልብጦ «ሐ»ን ሊመስል ይችላል።

ሁሉንም 231 ፊደላት እኩል ማባዛት አያስፈልግም። ስክራብል የሚባለው የታወቀ ጨዋታ ለእንግሊዝኛ 100 ጠጠሮች አሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ፊደላት በብዛት፣ አልፎ አልፎ የሚመጡት ደግሞ አንድ አንድ ብቻ ይገኛሉ። ለአማርኛ 120 ካርድ ጥሩ መነሻ ነው። በአማርኛ ቃላት ውስጥ፣ በተለይም በመጨረሻቸው፣ ሳድስ ስለሚበዛ ት፣ ን፣ ም፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ብ አራት አራት ይሁኑ። ድ፣ ቅ፣ ክ፣ ግ፣ ው፣ ይ፣ ጥ፣ ሽ፣ ጅ፣ ፍ ሁለት ሁለት ይበቃሉ። ከግዕዙ መ፣ ተ፣ ለ፣ ሰ፣ በ፣ ረ፣ ነ፣ ከ፣ ገ፣ ደ፣ ወ፣ ቀ ሁለት ሁለት፣ አ እና ሳድሱ እ ሦስት ሦስት ይዘጋጁ። ከራብዑ ላ፣ ማ፣ ራ፣ ሳ፣ ባ፣ ታ፣ ና፣ ዳ፣ ጋ፣ ያ ሁለት ሁለት ይጨመሩ። ቤ፣ ሌ፣ ሪ፣ ሊ፣ ቲ፣ ኒ፣ ሮ፣ ቦ፣ ኮ፣ ሶ፣ ቁ፣ ሙ፣ ሩ፣ ሱ፣ ቡ አንድ አንድ ይሁኑ። የቀሩት ሰባት ካርዶች ባዶ ናቸው፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ፊደል ያደርጋቸዋል። በሳምንቱ ቃላት ውስጥ ያሉ፣ ከእነዚህ መካከል ግን የሌሉ ፊደላት ሲያጋጥሙ፣ ለምሳሌ የ«ጭልፋ» «ጭ» እና «ፋ»፣ በተጨማሪ ካርድ ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ማሟሟቂያ

ጨዋታውን ሁልጊዜ በአምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ ይጀምሩ። አንድ ካርድ ይወጣል፤ ልጁ ድምፁን ይናገራል፣ ስንተኛ እንደ ሆነ (ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ) ይለያል፣ ከዚያም ያ ፊደል የሚገኝበትን አንድ ቃል ይጠራል። የሰባቱን ድምፆች ስም ማወቅ እንደ አሮጌ ልማድ ተቆጥሮ መተው የለበትም፤ በሚቀጥለው ደረጃ እንደሚታየው ለጨዋታው ዋና መሣሪያ ነው። በመልክ የሚቀራረቡት ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢቀርቡ ልጁ ከአናታቸው ላይ ያለችውን ጭረት፣ በ«ጨ» ደግሞ ከእግሮቹ ሥር ያሉትን ቀለበቶች መመልከት ይለምዳል።

ከሀገር ውጭ ያደጉ ልጆች ደግሞ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት ጆሯቸው ይቸገራል። ለእነርሱ «መጣ» እና «መታ»፣ «ቆዳ» እና «ኮዳ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» በሁለት በሁለት ካርድ ተጽፈው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። አዋቂው አንዱን ቃል ሲጠራ ልጁ ትክክለኛውን ካርድ ያነሣል፤ ቀጥሎ ልጁ ይጠራል፣ አዋቂው የሰማውን ያነሣል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ልጁ «መጣ» ለማለት አስቦ «መታ» የሚለው ካርድ ሲነሣበት ስሕተቱን ማንም ሳይነግረው ራሱ ይሰማዋል።

ደረጃ 4፦ የተደበቀ ቃል

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ለአጻጻፍ የሚጠቅመው ይህ ስለ ሆነ ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጠው። አንዱ ተጫዋች ቃል ይመርጥና የፊደላቱን ቁጥር ያህል ባዶ መስመር ያሰምራል። ሌላው ተጫዋች ግን በቀጥታ ፊደል አይገምትም፤ መጀመሪያ የፊደሉን ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ስንተኛው እንደ ሆነ ይገምታል።

የተደበቀው ቃል «መስኮት» ነው እንበል። አራት ባዶ መስመሮች ተሰምረዋል። ልጁ «የበ ቤተሰብ አለበት?» ሲል «የለበትም» ይባላል። «የሰ ቤተሰብስ?» ሲል «አለ፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው» ይባልና ከሁለተኛው መስመር በታች በትንሹ «ሰ» ይጻፋል። አሁን ልጁ ከሰባቱ አንዱን መምረጥ አለበት። «ሳድስ ነው» ካለና ትክክል ከሆነ «ስ» በመስመሩ ላይ በትልቁ ይሰፍራል። እንዲህ እያለ «መ» እና «ት» ተገኝተው ሦስተኛው ቦታ ላይ የከ ቤተሰብ እንዳለ ብቻ የታወቀ ጊዜ፣ ልጁ በአፉ «መስከት፣ መስኩት፣ መስኪት፣ መስካት» እያለ ድምፁን ሲለዋውጥ «መስኮት» ላይ ይደርሳል። ፈጥኖ ባይደርስም አይነገረው። ድምፅን ከፊደል ጋር የማዛመዱ ሥራ የሚሠራው ያን ጊዜ፣ ልጁ እያጉተመተመ ሰባቱን በሚሞክርበት ቅጽበት ነው።

ለገማቹ 12 ነጥብ ይሰጠዋል። ቤተሰቡን ሲስት 2 ነጥብ፣ ቤተሰቡን አግኝቶ ድምፁን ሲስት 1 ነጥብ ይቀነስበታል። በብዙ ሀገር ይህን መሰል ጨዋታ ሲጫወቱ በስሕተት ቁጥር የሚሰቀል ሰው ሥዕል ይሳላል፤ ለልጆች የሚገባ ሥዕል ነው ብዬ አላምንም። በምትኩ ጎጆ ቤት ይሳሉ፤ ምሰሶው፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ጉልላቱ እያሉ በየተገኘው ፊደል ይጨምሩ። ልጁ በስሕተቱ የሚጠፋ ነገር ከሚያይ በዕውቀቱ የሚሠራ ነገር ቢያይ ይሻላል።

ቃሉ ከተገኘ በኋላ ጨዋታው አላለቀም። ልጁ ሰሌዳውን ሳያይ ቃሉን በደብተሩ ይጽፋል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገርም ይጠቀምበታል። ይህ ካልተደረገ ልጁ ያሸነፈው ቃል በማግስቱ ከአእምሮው ይወጣል።

ደረጃ 5፦ የቃል ሰንሰለት

ሰንሰለቱ ካርድም ጠረጴዛም ስለማይፈልግ በመንገድ፣ በታክሲ፣ ወረፋ በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ይሠራል። አንዱ ቃል ሲጠራ ቀጣዩ ተጫዋች ቃሉ ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል ይጠራል፦ ቤት፣ ትል፣ ልጅ፣ ጅብ፣ ብርድ፣ ድመት፣ ትከሻ፣ ሻሽ፣ ሽንኩርት። ለትንንሾቹ ቤተሰቡ ብቻ ይብቃቸው፤ ቃሉ በ«ት» ካለቀ በ«ተራራ»ም፣ በ«ቲማቲም»ም፣ በ«ታክሲ»ም መቀጠል ይችላሉ። ከ9 ዓመት በላይ የሆኑት ግን በራሱ በፊደሉ ብቻ ይቀጥሉ።

በዚህ ጨዋታ አንድ የታወቀ መሰናክል አለ። «ትንኝ» ወይም «መዳኛ» የሚል ቃል ሲመጣ ሰንሰለቱ ይቆማል፤ በአማርኛ በ«ኘ» ዘር የሚጀምር የተለመደ ቃል አይገኝምና። ስለዚህ ከመጀመሪያው «በኘ ዘር ያለቀ ቃል በነ ዘር ይቀጥላል» የሚል ሕግ ይውጣ፤ አለበለዚያ ብልህ ልጅ ሁልጊዜ በዚያው ቃል ጨዋታውን መዝጋት ይለምዳል። ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ቃላቱ በየተራ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ በካርድ ቃል መገንባት

እያንዳንዱ ተጫዋች ዘጠኝ ካርድ ያነሣል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱን ካርድ በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እየተጠቀመ የቻለውን ያህል ቃል ይሠራል። ለምሳሌ መ፣ ስ፣ ኮ፣ ት፣ ር፣ ብ፣ ል፣ ማ፣ ን ቢወጡለት፦ ኮት፣ ማር፣ ብር፣ ልብ፣ ንብ፣ ልብስ፣ መልስ፣ መብት፣ ስንት፣ ርስት፣ ልማት፣ መስኮት ይገኛሉ። ባለ ሁለት ፊደል ቃል 1 ነጥብ፣ ባለ ሦስት 3፣ ባለ አራት 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ልጁ የቃሉን ትርጉም በዐረፍተ ነገር ካሳየ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። እንደ «ርስት» ያለውን ቃል በአጋጣሚ ሠርቶ «ይህ ቃል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያጋጥማል፤ ጥያቄውን ሳይቸኩሉ ማብራራት ይገባል፣ የቃላት ሀብት የሚያድገው በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነውና። አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ «ቶሎ በል» እያሉ ማጣደፍ ግን አይመከርም፤ የተጣደፈ ልጅ ባለ ሁለት ፊደል ቃላትን ብቻ ይለቅማል።

ደረጃ 7፦ የቃላት ቤተ ዘመድ

አማርኛ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል የሚያወጣ ቋንቋ ነው። ይህን ጠባዩን የተረዳ ልጅ አንድ ቃል ሲማር አምስትና ስድስት ቃል አብሮ ይማራል። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ በወረቀት መካከል «ከፈተ» ተብሎ ይጻፋል፤ ተጫዋቾቹ በየተራ ዘመዶቹን በዙሪያው ይጽፋሉ፦ ተከፈተ፣ አስከፈተ፣ ክፍት፣ ከፋች፣ መክፈቻ። ዘመድ መጨመር ያቃተው ተራውን ያልፋል፤ የመጨረሻውን ዘመድ ያገኘ ያሸንፋል።

በዚህ ጊዜ ልጆቹ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ይርዷቸው። «ከፈተ» በ«ተ» ሳለ «ከፋች» በ«ች» ተጻፈ። «ወሰደ» ብለን «ወሳጅ»፣ «ጨረሰ» ብለን «መጨረሻ»፣ «ለመነ» ብለን «ለማኝ»፣ «ያዘ» ብለን «መያዣ»፣ «ለወጠ» ብለን «ለዋጭ» እንላለን። ተ ወደ ቸ፣ ደ ወደ ጀ፣ ሰ ወደ ሸ፣ ነ ወደ ኘ፣ ዘ ወደ ዠ፣ ጠ ወደ ጨ መለወጣቸው ነው፤ እነዚህ ደግሞ በማሟሟቂያው ላይ ጥንድ ጥንድ ያደረግናቸው፣ አናታቸው ላይ በምትጨመር ጭረት («ጨ» ደግሞ በእግሮቹ ቀለበቶች) ብቻ የሚለያዩት ፊደላት ናቸው። ልጁ ይህን ሥርዓት ራሱ እንዲያገኘው ቢተውለት በሕይወቱ አይረሳውም፤ ስለዚህ ምሳሌዎቹን ደርድረው «ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ ሕጉን አስቀድመው አይንገሩ።

ሞክሼ ፊደላትንም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ በዛሬ አማርኛ በድምፅ ስለማይለዩ ጆሮ ሊረዳ አይችልም። ዘመድ ግን ይረዳል። «ንጉሥ» በንጉሡ ሠ መጻፉን ያወቀ ልጅ «ንግሥት»ን፣ «ነገሠ»ን እና «መንግሥት»ን አይስትም። «ሥራ»ን የያዘ «ሠራተኛ»ን እና «አሠራር»ን፣ «ጻፈ»ን የያዘ «ጽሕፈት»ን እና «መጽሐፍ»ን ይዟል። የሞክሼ ፊደል ያለበትን ቤተ ዘመድ በአንድ ዓይነት ቀለም መጻፍ ለዐይን ትልቅ ድጋፍ ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆችና ለመምህራን ማሳሰቢያ አለኝ። በጋዜጣና በመጻሕፍት «ሕዝብ»ም «ህዝብ»ም ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ አንድ መዝገበ ቃላት ወይም የልጁን የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ መነሻ አድርገው በእሱ ይጽኑ፤ እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ግን በሞክሼ ፊደል ስሕተት ነጥብ አይቀንሱ። ድምፁን በትክክል የጻፈ ትንሽ ልጅ ዋናውን ሥራ ሠርቷል፤ ትክክለኛውን ፊደል ከጎኑ ጽፎ ማሳየት ይበቃዋል።

ደረጃ 8፦ ጠብቆና ላልቶ

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውሃ ውስጥ የሚደረገው፣ ሲጠብቅ ቀንደኛው ማለት ነው፤ «ሽፍታ» በላላው «ፍ» ጫካ የገባው፣ በጠበቀው ደግሞ ቆዳ ላይ የሚወጣው ነው። እነዚህ ቃላት በካርድ ይጻፉ፤ ልጁ አንዱን አንሥቶ ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ያለ ድምፅ በእንቅስቃሴ ያሳይ፣ ሌሎቹ ቃሉን በትክክለኛው አነባበብ ይጥሩ። ለመዝጊያ «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳይሳሳቱ በፍጥነት እንዲያነቡት ማወዳደር ልጆችን ያስቃል፤ የመጀመሪያው «ሰፊ» ልብስ ሰፊው፣ ሁለተኛው ጠባብ ያልሆነው መሆኑንም በማንበብ ብቻ ይለያሉ።

ደረጃ 9፦ እንቆቅልሽን ወደ ጽሑፍ ማምጣት

እንቆቅልሽ የቃላት ትርጉምን ለማስተማር ከአያቶቻችን የወረስነው ዝግጁ ጨዋታ ነው። «እንቆቅልህ?» (ለሴት ልጅ «እንቆቅልሽ?») ሲባል «ምን አውቅልህ?» ይባላል፤ መላሹ ካቃተው ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ለእኛ ዓላማ ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ ልጆቹ የሰሙትን ብቻ ሳይደግሙ ለሳምንቱ ቃላት አዲስ እንቆቅልሽ ይሥሩ። ለ«ወንፊት» «ሆዱ ሁሉ ቀዳዳ፣ ዱቄቱን ሲያሳልፍ ገለባውን ከልካይ»፣ ለ«ሙቀጫ»ና ለ«ዘነዘና» «እናት ተቀምጣ ልጅ ቆሞ ይመታታል» ማለት ይቻላል። ይህን ለመሥራት ልጁ ዕቃው ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚያገለግልና ከምን እንደሚለይ ማወቅ ስላለበት ትርጉሙን ከመሸምደድ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የተሰጠው ሀገር በጽሑፍ ይሰጥ፦ ተሸናፊው «ጎንደር»፣ «ደሴ»፣ «ሐረር» ወይም «አክሱም» ብሎ በወረቀት ጽፎ ያስረክብ፤ ስሙን አሳስቶ ከጻፈ ሀገሩ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ለትልልቆቹ

የስልክ መልእክት መጻፍ የጀመሩ ልጆች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ይለምዳሉ። ይህን በመቆጣት ከማስተው ወደ ጨዋታ መለወጥ ይቻላል። በላቲን የተጻፈ አንድ የቤተሰብ መልእክት ወስደው በፊደል እንዲገለብጡት ያድርጉ። በላቲኑ አጻጻፍ ተ እና ጠ፣ ቸ እና ጨ፣ አንዳንዴም ከ እና ቀ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ተነሥቶ መምረጥ አለበት። ሁለት ልጆች አንዱን መልእክት ለየብቻ ገልብጠው ሲያስተያዩት የተለያዩበት ቃል ሁሉ መወያያ ይሆናቸዋል።

በክፍል ውስጥ

ተማሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ ከአምስት እስከ ስድስት ሆነው ይቧደኑ። የተደበቀ ቃል በሰሌዳ ላይ ለመላው ክፍል ይቀርባል፤ ግምቱን ግን ቡድኑ ተማክሮ በአንድ ድምፅ ይናገራል። ጸሐፊው በየዙሩ ይቀየር፤ ካልተቀየረ ሁልጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ብቻ ይጽፋል፣ ልምምዱ የሚያስፈልጋቸውም ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ቆርኪው እንዳይጠፋ በየቡድኑ በከረጢት ይሁን፤ ሲመለስም ይቆጠር።

እርማትና ክትትል

ልጁ ሲሳሳት ቃሉን ሰርዘው ትክክሉን አይጻፉለት። የተሳሳተው ፊደል የትኛው ቦታ እንዳለ ብቻ ይጠቁሙት፦ «ሦስተኛው ፊደል ላይ እንደገና እይ»። ራሱ ካገኘው ሙሉ ነጥብ ይያዝለት። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጫወት ይበቃል፤ ልጁ ሳይሰለች፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እንጨምር» እያለ ሳለ ቢቆም ለነገው ይጓጓል።

ለክትትል አንድ ደብተር ይመደብ። በግራ በኩል የሳምንቱ ቃላት፣ በመካከል ልጁ በመጀመሪያ የጻፋቸው እንዳሉ፣ በቀኝ በኩል የታረሙት ይሰፍራሉ። የተሳሳታቸው ቃላት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሸጋገሩና ከአዲሶቹ ጋር ይደባለቁ፤ አንድ ቃል በተከታታይ ሁለት ሳምንት በትክክል ከተጻፈ ይውጣ። የመካከለኛውን ዓምድ በየወሩ ማየት ለአዋቂው ይጠቅመዋል፦ ስሕተቱ የሚደጋገመው በኃምስና በሣልስ መካከል ከሆነ ወደ ማሟሟቂያው፣ በሞክሼዎቹ ላይ ከሆነ ወደ ቤተ ዘመዱ፣ በ«ጠ»ና በ«ተ» ላይ ከሆነ ወደ ድምፅ ጥንዶቹ መመለስ ያሻል። ልጁ ጨዋታዎቹን ከለመደ በኋላ ደግሞ ተራው ይገልበጥ፤ የሳምንቱን ቃላት ልጁ ይምረጥ፣ የተደበቀውን ቃል እሱ ያዘጋጅ፣ አዋቂው ሲገምት ነጥቡን እሱ ይቀንስ። ቃሉን ለአዋቂ ከመደበቁ በፊት አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት የማረጋገጡ ሥራም የልጁ ይሁን።